የያቭኔ ክታብ፣ የኢየሩሳሌም መባ

ንባቡ የታወቀ ስለሆነ ሐተታው አይዘገይበትም። ይሁዳ መቃቢ ከኤዶምያስ ገዥ ከጎርጊያስ ሠራዊት ጋር ገጠመ፤ ከአይሁድ ጥቂቶች ወደቁ። ሰንበት ስለ ደረሰ ሠራዊቱ ዓዶላም ገብቶ፣ ሥርዓቱን አድርሶ፣ በዚያው ሰነበተ። በማግሥቱ የወደቁትን አንሥተው በአባቶቻቸው መቃብር ከዘመዶቻቸው ጋር ሊያኖሯቸው ቢሄዱ፣ ከያንዳንዱ ሟች ቀሚስ ሥር ሕጉ የከለከለው የያምንያ ጣዖታት ክታብ ተገኘ። ሕዝቡ ኃጢአቱ ፈጽሞ ይደመሰስ ዘንድ ለጸሎት ወደቀ። ይሁዳም ከያንዳንዱ ሰው ብር ሰብስቦ የኃጢአት መሥዋዕት እንዲቀርብበት ወደ ኢየሩሳሌም ላከ፤ የጽርዑ ንባብ 2,000 ድራክማ፣ የላቲኑ 12,000 ይላል። ጸሐፊው ደግሞ ይሁዳ ይህን ያደረገው ትንሣኤን አስቦ ነው፣ ሙታን የማይነሡ ቢሆን ኖሮ ስለ እነርሱ መጸለይ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር ብሎ ይፈርዳል። ሁለተኛ መቃብያን፣ ምዕራፍ 12፣ ከቍጥር 38 እስከ ፍጻሜው።

ያምንያ የዛሬዋ ያቭኔ ናት። ከቴል አቪቭ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ከባሕሩ ጥቂት ገባ ብላ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ገደራ፣ ከገደራ ወደ ደቡብ ደግሞ ቂርያት ማላኺ አለች፤ ሦስቱን በአንድ ጠዋት ማዳረስ ይቻላል። ገደራን በ1884 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቢሉ የተባለው ማኅበር ወጣቶች ቆረቆሯት። በአንደኛ መቃብያን ቄንዴባዮስ የመሸገባት ቄድሮን ከገደራ አጠገብ የነበረችው ቃጥራ ናት የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ እርሷም የመቃብያን አገር ናት። ቂርያት ማላኺ በ1951 የስደተኞች ጊዜያዊ ሠፈር ሆና ተጀምራ፣ ስሟን ለረዷት ለሎስ አንጀለስ አይሁድ መታሰቢያ አገኘች። በሦስቱም ከተሞች ዛሬ አማርኛና ትግርኛ ከደረጃው ላይ፣ ከሱቁ በር፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ይሰማል። ከ1984 ጀምሮ በሱዳን በኩል፣ በ1991ም ከአዲስ አበባ በአየር የገቡት ቤተ እስራኤል ልጅ ወልደው፣ ወላጅ ቀብረው ይኖሩባቸዋል።

የሚያስደንቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ያቭኔ የተጻፈውን ይህን ታሪክ የያቭኔ ነዋሪ ከራሱ ቅዱስ መጽሐፍ አያገኘውም። የአይሁድ ሊቃውንት መቃብያንን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር አላገቡትም። የቤተ እስራኤል ቄሶች ከጎንደርና ከትግራይ ይዘውት በመጡት ኦሪት ውስጥም የለም፤ የመቃብያን ድል የሚታሰብበትን ሐኑካን እንኳ ወደ እስራኤል እስኪገቡ አያከብሩትም ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ81ዱ ውስጥ ሦስት መጻሕፍተ መቃብያን አሏት፤ ታሪካቸው ግን የንጉሥ ጺሩጻይዳን እንጂ የጎርጊያስ ጦርነት አይደለም። ፕሮቴስታንቱ ከነጭራሹ ከቍጥር አውጥቶታል። እንደ ቅዱስ ቃል የሚያነቡት ካቶሊካውያንና የግሪክ ወገን የሆኑ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። መፈጸሙን በተመለከተ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ብዙ ጊዜ ከሚያነበው ይልቅ የማያነበው አጥብቆ ይፈጽመዋል። ሐተታው የሚተጋውም ስለዚህ ነው።

አንድም ይሁዳ መባውን የላከው ስለ ሕያዋኑ ነው ይላሉ፤ በአካን በደል እስራኤል በጋይ ፊት እንደ ወደቀ የጥቂቶቹ በደል ሠራዊቱን ሁሉ እንዳያገኘው። የአንዳንድ ዘመናውያን መምህራን ትርጓሜ ነው። ጸሐፊው ራሱ ስለ ሙታን ነው ብሎ ከተናገረ በኋላ ብዙ ሊያከራክር አይገባም።

አንድም ስለ ሙታኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን የያዘችው ይህን ነው።

ምን ዓይነት ሙታን ናቸው ቢሉ፣ ጻድቃን ተብለው የሚዘመርላቸው አይደሉም። ስለ ሕጉ ሲዋጉ ሕጉ የከለከለውን በደረታቸው ይዘው የሞቱ ናቸው። ሰይፋቸውን ለእግዚአብሔር መዘዙ፣ ፍላጻ እንዳያገኛቸው ደግሞ የያቭኔን ጣዖት ተማመኑ። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ማተቡ ከላይ፣ ክታቡ ከሥር ሆኖ የኖረ ሰው በየመንደሩ አለ፤ እሑድ አስቀድሶ በሳምንቱ መካከል ጠንቋይ ደጅ የሚቆም አለ። ገናዦቹ አካሉን ሲያጥቡ ያን በቁርበት የተሰፋ ነገር ከክንዱ ወይም ከአንገቱ ያገኙታል፤ ፈትተው ያስቀምጡታል፣ ለልጆቹ አይነግሩም። ይሁዳ የገጠመው ይኸው ነው። እርሱ ግን የተገኘውን አልሸሸገም፣ በሟቾቹም ላይ አልፈረደም። እንደ ከሀዲ ይጣሉ አላለም፤ ስለ አገራቸው ሞተዋልና ቅዱሳን ናቸውም አላለም። ኃጢአታቸውን ኃጢአት ብሎ፣ እነርሱንም ወንድሞቼ ብሎ፣ በሁለቱ መካከል መሥዋዕት አስገባ።

ይህ መካከለኛ መንገድ ዛሬ እየጠፋ ነው። የካቶሊክ ቀብር ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስብከት ሟቹን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ሰማይ ያደርሰዋል፤ ደግ ነበር፣ አሁን አርፏል፣ ከላይ ሆኖ ያየናል ይባላል። ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ተብሎ ነው። ነገር ግን ሟቹ ከሁሉ በላይ የሚሻውን ነገር ይቀሙታል። አርፏል ከተባለ ማን ይጸልይለታል? ማን ቅዳሴ ያስቀድስለታል? በሌላ ወገን ያለው ሰባኪ ደግሞ ነገሩ አብቅቷል፣ እስትንፋሱ ስትወጣ መዝገቡ ተዘግቷል ይላል። አንዱ በደስታ፣ ሌላው በፍርሃት ሟቹን ብቻውን ይተዉታል። ሁለቱም ከይሁዳ መቃቢ ያነሰ ፍቅር ነው።

ተቃዋሚው መልስ አለው፤ ያውም ከኢትዮጵያውያን መጽሐፍ። በዕዝራ ሱቱኤል ነቢዩ መልአኩን ይጠይቃል፤ በፍርድ ቀን ጻድቅ ስለ ኃጥእ፣ አባት ስለ ልጅ፣ ልጅ ስለ አባት ሊማልድ ይችላልን? መልሱ አይችልም ነው፤ በዚያ ቀን እያንዳንዱ የራሱን ይሸከማል። ይህ ብርቱ ቃል ነው፣ በቸልታ አይታለፍም። ነገር ግን ስለ የትኛው ቀን ነው የተነገረው ቢሉ፣ ስለ መጨረሻዪቱ ቀን ነው። ዕዝራም ቀደም ብለው ስለ ሌሎች የማለዱትን ይቈጥራል፤ አብርሃም ስለ ሰዶም፣ ሙሴ ስለ በደሉት አባቶች፣ ሌሎችም በየዘመናቸው ማልደዋል፤ መልአኩ ይህን አይክድም፣ የአሁኑ ዓለም መጨረሻ አይደለም ብሎ ይመልሳል እንጂ። ዳኛው እስኪቀመጥ ድረስ መማለድ አለ። ይህም ዕዝራ ሱቱኤልን ከመቃብያን ጋር ያስታርቀዋል፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ዕዝራን እያነበበች ፍትሐትን አላቋረጠችም። ሟቹን በመጽሐፈ ግንዘት ትሸኛለች፤ በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80 ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት ታስበዋለች። የመንጻት ስፍራ ብላ አትደነግግም፣ ትጸልያለች። በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊካውያን ይህን ጸሎት ሲወርሱ ከሮም የመጣ ትምህርት አላስፈለጋቸውም፤ ከአባቶቻቸው ቤት ይዘውት ነበር።

አባቶች ምን ይላሉ ቢሉ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው አውግስጢኖስ ነው። በ421 ገደማ ለኖላው ጳውሊኖስ ስለ ሙታን የሚደረገውን ጥንቃቄ ሲጽፍ ይህንኑ የመቃብያን ቃል ጠቀሰ፤ በብሉይ መጻሕፍት ከቶ ባይገኝ ኖሮ እንኳ የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ትንሽ ምስክር አይደለም አለ። እርሱ ይህን ሲጽፍ ስለ እናቱ እያሰበ እንደ ነበር መገመት ከባድ አይደለም። ቅድስት ሞኒካ በሰሜን አፍሪካ፣ በታጋስቴ፣ ከባሏ ጎን መቃብር አዘጋጅታ ነበር፤ በ387 ሞት በባዕድ አገር፣ በኦስትያ ወደብ፣ ያዛት። ልጆቿ ሬሳዋን ወደ አገሯ ስለ መውሰድ ቢነጋገሩ አልፈለገችም፤ የትም ቅበሩኝ፣ በመሠዊያው ፊት ግን አስቡኝ አለች። የአባቶችን መቃብር ለመሠዊያው የለወጠች ሴት ናት። ይሁዳ ሬሳዎቹን ወደ አባቶቻቸው መቃብር፣ ብሩን ወደ መሠዊያው ላከ፤ እርሷ ሁለተኛው ብቻ ይበቃኛል አለች።

ክታብ ተደብቆ የመገኘቱን ነገር ደግሞ ታላቁ ጎርጎርዮስ ሳያስበው ተርጉሞታል። በንግግራት መጽሐፉ፣ በአራተኛው ክፍል፣ በገዛ ገዳሙ የነበረ ዩስቶስ የሚባል መነኩሴ ታሪክ አለ። ሐኪም ነበር። ሊሞት ሲቃረብ ከመድኃኒቱ መካከል 3 የወርቅ ሳንቲም ደብቆ ተገኘ፤ ምንም የራስ ንብረት በማይያዝበት ገዳም። ጎርጎርዮስ መነኮሳቱ እንዳይጠይቁት አዘዘ፤ ሲሞትም ከወርቁ ጋር ከክብር ውጭ ተቀበረ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ አስፈሪ ተግሣጽ ብቻ በሆነ ነበር። ጎርጎርዮስ ግን ከሞቱ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ራራ፤ ለ30 ቀን ሳይቋረጥ ስለ እርሱ ይቀደስ አለ። በ30ኛው ቀን ሟቹ ለወንድሙ ለኮፒዮሶስ ታይቶ እስከዚያ ተጨንቆ እንደ ነበር፣ አሁን ግን ደኅና እንደ ሆነ ነገረው። ስለ አንድ ነፍስ 30 ቅዳሴ ማስቀደስ በካቶሊክ ዘንድ እስከ ዛሬ በጎርጎርዮስ ስም የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። የያቭኔው ክታብና የሮሙ ወርቅ በአንድነት ይነበባሉ፤ ሁለቱም ተደብቀው የተገኙ፣ ሁለቱም ከሞት በኋላ ሊፈቱ የተቻላቸው።

በ998 ገደማ የክሉኒው አበ ምኔት ኦዲሎ በገዳሞቹ ሁሉ ኖቬምበር 2 የሙታን ሁሉ መታሰቢያ እንዲሆን ሠራ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ዘለቀ። በ1439 የፍሎረንስ ጉባኤ ግሪኮችንና ላቲኖችን ሲያስማማ፣ ሕያዋን በቅዳሴ፣ በጸሎትና በምጽዋት ሙታንን እንደሚረዱ ጻፈ። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማቸው የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እዚያው ፍሎረንስ ደርሰው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ 4ኛ ፊት ቆመዋል። በ1519 በላይፕሲክ ክርክር ዮሐንስ ኤክ ይህን የያቭኔ ንባብ ለማስረጃ ሲያቀርብ ማርቲን ሉተር መጽሐፉ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር አይደለም ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሁለቱ ወገን መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ቍጥር ኖሮት አያውቅም። የትሬንት ጉባኤ በ1546 መቃብያንን አጸና። በ1563 ደግሞ ስለ መንጻት ሲደነግግ ጳጳሳቱን አጥብቆ አስጠነቀቀ፤ ከንቱ ምርምርን፣ አጉል እምነትንና የረከሰ ትርፍን ከልክሉ አላቸው። ይህ የመጨረሻው ቃል በሚገባው መጠን አይጠቀስም። በሙታን ስም ገንዘብ የበሉ ካህናት ነበሩ፤ ስለ ወደቁት የተሰበሰበው ብር ግን የይሁዳ ኪስ አልገባም። በ1915፣ አውሮፓ ልጆቿን በጦር ሜዳ እየቀበረች ሳለ፣ በነዲክቶስ 15ኛ እያንዳንዱ ካህን በሙታን ቀን ሦስት ቅዳሴ እንዲቀድስ ፈቀዱ።

እዚህ ላይ አንባቢ ወደ ያቭኔ ይመለስ፤ ከተማዋ ራሷ ትመሰክራለችና።

ቤተ መቅደሱ በ70 ሲፈርስ ከሊቃውንቱ አንዱ፣ ረባን ዮሐናን ቤን ዘካይ፣ ከተከበበችው ኢየሩሳሌም እንዴት እንደ ወጣ ታልሙድ ይተርካል። ደቀ መዛሙርቱ እንደ ሞተ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት፤ ወደ ሮማዊው የጦር አለቃ ወደ ቬስጳስያኖስ ሲቀርብም የለመነው ያቭኔንና ጠቢባኗን ነበር። መሥዋዕት ከቀረ በኋላ የአይሁድ ጸሎት ሥርዓት የተበጀው እዚያ ነው። ሬሳ መስሎ የወጣ ሽማግሌ የጸሎትን ከተማ በያምንያ ጣዖታት መሬት ላይ ተከለ! ይኸው ዮሐናን በእውነት ሊሞት ሲል ያለቅስ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ቢጠይቁት በፊቱ ሁለት መንገድ እንዳለ፣ አንዱ ወደ ገነት ሌላው ወደ ገሃነም እንደሚወስድ፣ በየትኛው እንደሚመሩት እንደማያውቅ ነገራቸው። የዘመኑ ታላቅ መምህር አልቅሶ ከሞተ፣ ሟቹን በቀብሩ ቀን ሰማይ የሚያስገባው ሰባኪ ይህን ድፍረት ከወዴት አመጣው?

ከያቭኔ ትውልድ የሆነው ረቢ ዓቂባ በሚሽና የኃጥኣን ፍርድ በገሃነም 12 ወር ነው ብሎ አስተምሯል። በመካከለኛው ዘመን የተጻፈ አንድ ታሪክም ስለ እርሱ ይነገራል። ዓቂባ እንጨት ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው አገኘ። ሰውየው የሞተ ነው፤ በየቀኑ የሚቃጠልበትን እንጨት ራሱ ይለቅማል። በምድር ልጅ ትቶ ነበር። ዓቂባ ልጁን ፈልጎ አገኘው፣ ሕግ አስተማረው፣ በጉባኤ መካከል ቆሞ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግን አደረገው፤ በዚያን ጊዜ አባቱ ተፈታ። አይሁድ ወላጅ ሲሞት የሚደግሙት ቃዲሽ ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል። የሚደገመውም 11 ወር ነው፤ ልጅ አባቱን 12 ወር ሙሉ እንደሚፈረድበት ኃጥእ አድርጎ እንዳይቈጥረው። ካቶሊካዊ ተርጓሚ ይህን ሲያነብ ጎርጎርዮስና ዩስቶስ ፊቱ ይመጣሉ። መጽሐፉን ከቍጥር ያወጡት ሊቃውንት ጸሎቱን አላወጡትም።

አንድም የወደቁት የተባሉ በመንገድ የቀሩት ናቸው።

ይሁዳ ሬሳዎቹን ሊያነሣ የሄደው ወደ አባቶቻቸው መቃብር ሊያስገባቸው ነበር። በቂርያት ማላኺ፣ በገደራና በያቭኔ ይህን ማድረግ ያልተቻላቸው ቤተሰቦች አሉ። በ1980ዎቹ ከጎንደር፣ ከወልቃይትና ከትግራይ በእግር ወደ ሱዳን ከወረዱት ቤተ እስራኤል መካከል 4,000 ያህሉ በመንገድና በኡም ራኩባ በመሰሉ የስደተኛ ካምፖች አልቀዋል። ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ሞቱ። አይሁድ መሆናቸው እንዳይታወቅ ለቅሶ እንኳ በድብቅ ነበር፤ መቃብሩ ምልክት የለውም። ለእነዚህ ሙታን በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ በ2007 መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱ ኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ መንግሥታዊ ሥርዓት ይደረጋል፤ ቄሶቹም ጥላቸውን ዘርግተው በነጭ ጥምጥማቸው ይቆማሉ። ሬሳው ወደ አባቶች መቃብር አልተመለሰም፤ መባው ግን፣ እንደ ይሁዳ ዘመን፣ ወደ ኢየሩሳሌም ደረሰ።

በከተሞቹ ውስጥ ያለውም እንዲሁ ነው። ሰው ሲሞት ሰባት ቀን ሐዘን ይቀመጣሉ፤ ዘመድ ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ቡናው ይፈላል፣ ዳቦው ይቈረሳል፤ ተዝካር ይወጣል። ልጆቹ በምኵራብ የተማሩትን ቃዲሽ በዕብራይስጥ ይላሉ፣ ቄሱ በግዕዝ፣ አልፎ አልፎም ከአገውኛ በቀረ ቃል ይጸልያል። ከእነዚያ ጸሎቶች በርካቶቹን ትውፊቱ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት ከአባ ጸብራና ከጸጋ አምላክ ጋር ያያይዛቸዋል። ይህን የሚያውቁት ቄሶች እያረጁ ነው፤ የሚተኳቸው ወጣቶችም ጥቂት ናቸው። ሁለተኛ መቃብያንን አንብቦ የማያውቅ አንድ ቄስ በያቭኔ ስለ ሙታን በግዕዝ ሲጸልይ፣ ምዕራፍ 12ን በየዓመቱ የሚያነብ ካቶሊካዊ ስለ ገዛ አባቱ ቅዳሴ ካስቀደሰ ዓመታት ካለፉ፣ ከሁለቱ የመጽሐፉ ባለቤት ማን ነው?

መቃብሩ ስለ ጠፋ ሰው ካቶሊካውያንም ታሪክ አላቸው። በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ፣ የተወለደው አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን ሲፈልግ ከገዳም ገዳም የዞረ መነኩሴ ነበር፤ ከአቡነ ያዕቆብ፣ ከዩስቲኖ ደ ያቆቢስ፣ ጋር ተገናኝቶ በ1844 ካቶሊክ ሆነ፣ በ1851 ቅስና ተቀበለ። በ1855 በሰንሰለት ታስሮ ከሠራዊት ጋር ሲጎተት በመንገድ ሞተ። አጽሙ የት እንዳረፈ አይታወቅም። አቡነ ያዕቆብም በ1860 በመንገድ ላይ እንዳሉ ዐረፉ፤ የእርሳቸው መቃብር ግን በሄቦ ይታወቃል፣ ምእመናን ይጓዙበታል። በ1926 ብፁዕ ለተባለው ለአባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት አይደረግም፤ አውግስጢኖስ ስለ ሰማዕት መጸለይ ሰማዕቱን መስደብ ነው ይላልና። ወደ እርሱ ይለመናል። ለሌሎቹ ሁሉ ግን፣ ክታባቸው ከቀሚሳቸው ሥር ላለ፣ መጸለይ ተገቢ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በበረሃና በባሕር ለቀሩት። ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ወጥተው በሲና በረሃ በአጋቾች እጅ የሞቱ አሉ፤ በኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ብቻ ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል፣ የሚበዙት ኤርትራውያን ነበሩ። በሲና በኩል ከተረፉት መካከል በእስራኤል የቀሩ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካውያን አሉ፤ በ2014 በደቡብ ቴል አቪቭ ለስደተኞችና ለውጭ ሠራተኞች በተከፈተው የእመቤታችን ማእከል ከሚሰበሰቡት ናቸው። በገደራና በያቭኔ አረጋውያንን የሚያስታምሙ ፊሊፒናውያንም እንዲሁ፤ እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ ቅዳሜ ወደ ያፎ ቅዱስ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳሉ። እናቷ በማኒላ ስትሞት ለቀብር መሄድ ያልቻለች ሴት ማድረግ የሚቻላት ነገር ስሟን ለቅዳሴ ማስጻፍ ነው። ያም ትንሽ አይደለም፤ የሞኒካ ልጅ ለእናቱ ያደረገው እርሱን ነው።

አንድም ከያንዳንዱ ሰው ብር መሰብሰቡ፣ የሙታን ነገር የማኅበር ዕዳ መሆኑን ያሳያል። በሬ ሸጦ ብቻውን ተዝካር ያወጣ፣ በክረምቱ የሚያርስበት ያጣ ገበሬ በአገር ቤት ብዙ ታይቷል። ያ የይሁዳ ሥርዓት አይደለም።

አንድም 2,000ው ፍቅረ እግዚአብሔርና ፍቅረ ቢጽ ናቸው፤ በላቲኑ 12,000 ከሆነ 12ቱ ነገድ።

አንድም ይህ መሥዋዕት ነቢዩ ሚልክያስ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያዋ ይቀርባል ያለው ንጹሕ ቍርባን ጥላ ነው፤ ከናብሎስ ምድር የተወለደው ሰማዕቱ ዩስጢኖስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን፣ የትሬንት ጉባኤም በ1562 ትንቢቱን ለቅዳሴ ተርጉመውታል። ቂርያት ማላኺ በነቢዩ አልተሰየመችም፤ በእርሷ በኩል የሚያልፍ ካቶሊካዊ ግን ቢያስበው መልካም ነው።

ከገደራ በስተ ምሥራቅ፣ በደይር ራፋት ኮረብታ፣ ፓትርያርክ ሉዊጂ ባርላሲና በ1927 ያሠሩት የፍልስጥኤም ንግሥት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዓሏ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይከበራል። ያ ሳምንት ሲያልፍ የሙታን ወር ይገባል። ከኖቬምበር 1 እስከ 8 መቃብር ጎብኝቶ ስለ ሙታን ለሚጸልይ፣ ንስሓ ለገባና ለቈረበ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሟቹ ነፍስ ሙሉ ሥርየት ትሰጣለች። መቃብሩን የማያውቅ፣ ሟቹ በሱዳን፣ በሲና ወይም በባሕር የቀረበት አንባቢ፣ ከዚህ ሳምንት ሳያሳልፍ የክርስትና ስሙን በወረቀት ጽፎ ከቅዳሴ በፊት ለካህኑ ይስጥ። የክርስትና ስሙ ከጠፋበትም ቤት የሚጠራበትን ይጻፍ፤ ይበቃል።